ፍላጻ ከእጅ ከወጣ በኋላ የአዳኝ ዕዳ ምንድን ነው?

በሰሜን አሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ከሚኖሩት ምእመናን አንዱ ባለፈው ኅዳር አንድ ጥያቄ አቀረበልን። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ከመንፈሳዊ ትምህርት የራቀ የዱርና የአደን ወሬ ይመስላል። ጥቂት ስንመረምረው ግን ሕሊናን የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፣ ለጠያቂው በአጭር ቃል የመለስንለትን ለአንባብያን ሁሉ በጽሑፍ ማስፋት ተገቢ መስሎ ታየን።

ምእመኑ በዚያ አገር ሕግ መሠረት ፈቃድ አውጥቶ፣ የአደኑን ወራት ጠብቆ በቀስት የሚያድን ሰው ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል በዛፍ ላይ ከሠራው ማማ ሆኖ አንዲት ዋላ ነደፈ። ፍላጻው ግን እርሱ ካሰበው ስፍራ ወደ ኋላ አልፎ ሆዷን ወጋት። እርስዋም ጀርባዋን አጉብጣ በቀስታ እየተራመደች ወደ ዱር ገባች። እርሱና ባልንጀራው ጥቂት ቆይተው ደሟን በመብራት ሲከተሉ ከእግራቸው ሥር ተነሥታ ሸሸች፤ ወዲያውም ዝናም ወረደ፤ ደሙም ታጠበ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ባልንጀራው «እንግዲህ ተዋት፤ ነገ ብናገኛትም ሞታ ነው የምናገኛት። ሳትታረድ የሞተች ለእኛ በክት ናት፤ ለማንበላው ሥጋ ምን ያደክመናል?» አለው። ሁለቱም ወደየቤታቸው ተመለሱ። ምእመኑ ግን እንቅልፍ አጣ፤ በማግስቱም በስልክ ጠርቶ «አባቶቼ፣ የማልበላውን እንስሳ የመፈለግ ግዴታ አለብኝን?» ሲል ጠየቀን።

«ልጃችን ሆይ፣ ሂድና ፈልግ» አልነው። ምክንያቱን ለማስረዳት በዚያች ሰዓት ጊዜ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ያንን ምክንያት ይናገራል።

ስለ እንስሳው ጥቂት ቃል እናስቀድም። ዋላ በኦሪት ዘዳግም በ14ኛው ምዕራፍ ከሚበሉት ንጹሓን እንስሳት ጋር ተቈጥሯል፤ ነቢዩ ዳዊትም በ41ኛው መዝሙር የነፍሱን ናፍቆት ውኃ በተጠማ ዋላ መስሎ ተናግሯል። በአገራችን ግን እውነተኛው ዋላ አይገኝም። አጋዘን፣ ድኩላና ሚዳቋ ቢመስሉትም በዘር ሌሎች ናቸው፤ የእነዚህ ቀንድ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከራሳቸው ሳይለይ ሲኖር፣ የወንዱ ዋላ ቀንድ በየዓመቱ ወልቆ እንደ ገና ይበቅላል። ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን «አጋዘን አየን» ሲሉ ብዙ ጊዜ ያዩት ነጭ ጅራት ያለውን ዋላ ነው። ይህ ዋላ ዛሬ ተኵላ በጠፋበት በምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል እጅግ በዝቶ የገበሬውን አዝመራና የደኑን ቡቃያ ይበላል፤ በየመንገዱም ከመኪና ጋር እየተጋጨ ሰውንም ራሱንም ያጠፋል። ስለዚህ የየግዛቱ መንግሥት ወራት ወስኖ እንዲታደን ይፈቅዳል። ቀስት ድምፁ ዝቅተኛ፣ የሚደርስበትም ርቀት አጭር ስለ ሆነ፣ ጠመንጃ መተኮስ በሚያስፈራበት በመኖሪያ መንደር አጠገብ እንኳ ይፈቀድለታል። በዊስኮንሲን ግዛት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. የዋላ አደን ወራት ለቀስተኞች ከተከፈተ ወዲህ ልማዱ ወደ ሌሎቹም ግዛቶች ተስፋፍቷል።

ማደንስ ራሱ ኀጢአት ነውን ቢሉ፣ አይደለም። ይስሐቅ ልጁን ዔሳውን ቀስቱንና የፍላጻውን አፎት ይዞ ወጥቶ እንዲያድንለት አዝዞታል፤ ለኖኅም ከጥፋት ውኃ በኋላ ሥጋ መብላት ተፈቅዶለታል። ነገር ግን በዚያው ፈቃድ ውስጥ ደም ተከልክሏል። ደም የሕይወት ስፍራ ነውና፣ ሥጋውን የሰጠ አምላክ ሕይወቱን ለራሱ ጠብቆታል። ይህን ያዝ እናድርግ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ጥይትና ፍላጻ የሚገድሉት በአንድ መንገድ አይደለም። ጥይት በብርቱ ፍጥነቱ ሥጋንና አጥንትን አናውጦ ይጥላል። ፍላጻ ግን በጫፉ እንደ ምላጭ የተሳለ ብረት ስላለበት የሚገድለው የደም ሥርን ቈርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ በቀስት አደን «ፍላጻው የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የፈጣን ሞትና የረጅም ሥቃይ ድንበር ነው። ተገቢው ስፍራ ከፊት እግሩ ወርች በስተኋላ፣ ልብና ሁለቱ ሳንባዎች ያሉበት ደረት ነው፤ ስፋቱም ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት የአንድ ትንሽ ሰሐን ያህል ነው። ሁለቱ ሳንባዎች የተበሱበት ዋላ ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይወድቃል። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም፣ ወይም ከአዳኙ ፊቱን መልሶ በሰያፍ ሲቆም ፍላጻው ወደዚያ ስፍራ መንገድ ያገኛል። ፊት ለፊት ሲመለከት ግን የፍሪምባውና የትከሻው አጥንት ይከለክላል፤ ጀርባውን ሲሰጥም የሚገኘው ታፋና አንጀት ነው። ከማማ ላይ ወደ ታች ቁልቁል የሚነድፍ ሰው ደግሞ አንዱን ሳንባ ወግቶ ሁለተኛውን ሊስት ይችላል፤ በአንድ ሳንባም ዋላ እጅግ ሩቅ ይሄዳል።

ከዚህም ሌላ ቀስተኛው ሊያዝዘው የማይችለው ነገር አለ። ዛሬ የተለመዱት ቀስቶች ፍላጻን በአንድ ሰኮንድ 85 ሜትር ያህል ያስኬዳሉ፤ ድምፅ ግን በአንድ ሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ዋላው 30 ሜትር ርቆ ቢቆም የአውታሩ ድምፅ ፍላጻውን ሩብ ሰኮንድ ያህል ቀድሞ ከጆሮው ይደርሳል። እርሱም ለመዝለል ጉልበቱን ሲያጥፍ ሰውነቱ ዝቅ ይላልና፣ በትክክል የተሰደደው ፍላጻ ከታሰበው ስፍራ በላይ ያርፋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ የሰደደው ሰው ሊጠራው አይችልም።

ከተመታ በኋላ ያለው ሥራ የሚጀመረው በመቀመጥ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር፤ ርኅሩኅ ሰው ፈጥኖ የሚሮጥ ይመስለናልና። ነገሩስ እንዴት ነው ቢሉ፣ የቆሰለ ዋላ የሚከተለው እንደሌለ ካመነ ብዙ ጊዜ በቅርብ ስፍራ ይተኛል፤ እዚያውም ጸጥ ብሎ ይሞታል። ቢያባርሩት ግን በፍርሃት ኃይል ተነሥቶ ከሚደርሱበት ውጭ ይሄዳል፤ ደሙም በመንገድ ይቋረጣል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች ልቡን ወይም ሳንባዎቹን ለተመታ ግማሽ ሰዓት፣ ጉበቱን ለተመታ 4 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ ጨጓራውን ወይም አንጀቱን ለተመታ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይጠብቃሉ። የት እንደ ተመታም የሚነግራቸው ደሙና የወደቀው ፍላጻ ነው። አረፋ ያለበት ብሩህ ቀይ ደም ከሳንባ ነው፤ ጠቈር ያለው ከጉበት ነው፤ አረንጓዴ እድፍና የምግብ ጠረን ያለበት ከሆድ ነው። ከዚያ በኋላ አጎንብሰው፣ አንዳንዴም በጉልበታቸው ተንበርክከው በረገፈው ቅጠል ላይ ጠብታ በጠብታ ይፈልጋሉ፤ የመጨረሻውን ጠብታ ባገኙበትም ስፍራ ነጭ ወረቀት ምልክት ያኖራሉ። ሆዱን የተመታ ዋላ ውኃ እንደሚሻ ስለሚናገሩ፣ ደሙ ሲጠፋባቸው ወደ ወንዝና ወደ ኵሬ ዳር ይወርዳሉ። ዳዊት የዘመረለት ጥማት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የሞት መንገድ ምልክት ሆኖ መገኘቱን ስንሰማ ዝም አልን።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ ብንል አንባቢ ይታገሠን። በሰባ ሊቃናት ትርጉም በመጽሐፈ ምሳሌ በ7ኛው ምዕራፍ ጠቢቡ በአመንዝራ የሚታለለውን ጐልማሳ ጉበቱን በፍላጻ ከተወጋ ዋላ ጋር ያመሳስለዋል። ይህን ምዕራፍ ስናስተምር የምሳሌውን ፍሬ ድንገተኛ ሞት አድርገን ስንናገረው ኖረናል። የአዳኞችን ነገር ከሰማን በኋላ ግን ምሳሌው ይልቅ መራራ ሆነብን። ጉበቱን የተወጋ ዋላ በዚያው አይወድቅም፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላው ይመለከታል፤ ላየው ሰው የዳነ ይመስላል፤ ሞቱ ግን ከእርሱ ጋር ይሄዳል። የጥንት ሰዎች ቀስትን ያውቁ ነበርና ምሳሌውን ሲሰሙ ይህንኑ ሳያዩ አልቀሩም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የሐዋርያት ጉባኤ በ15ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ከደምና ታንቆ ከሞተ እንድንርቅ አዝዟል። ኦሪት ዘሌዋውያን በ17ኛው ምዕራፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ይናገራል፤ ሞቶ የተገኘውን የሚበላም ርኩስ እንደሚሆን ያመለክታል። በአገራችንም አዳኞች ያቆሰሉትን እንስሳ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰው በስመ አብ ብለው ማረድን ሲሹ ኖረዋል። እንግዲህ በቀስት አደን ሆዱ በተመታ እንስሳ ላይ ሁለት ነገሮች ይጋጫሉ። ለእንስሳው ሲል 12 ሰዓት የሚጠብቅ ክርስቲያን ሥጋውን ያጣል፤ ሥጋውን ላለማጣት ሲል የሚያባርር ክርስቲያን እንስሳውን ያሠቃያል። በዚህ ጊዜ የትኛው ይቅደም? እኛ ሥጋው ይቅር እንላለን። የመብሉን ሥርዓት ለማላላት ይህን አላልንም፤ ሥርዓቱ እንደ ጸና ነው፤ በልዩ ልዩ ሁኔታ የሚነሣውንም ጥያቄ እያንዳንዱ ለንስሐ አባቱ ያቅርብ። ነገር ግን ሥርዓቱን የሰጠን ሕይወትን እንድናከብር እንጂ ሕይወትን ለማሠቃየት ምክንያት እንድናደርገው አይደለም።

የባልንጀራው ቃል እንግዲህ ስለ መብል እውነት ነው፤ ስለ ዕዳ ግን ሐሰት ነው። መፈለግን ከመብላት ጋር አሰረው፤ መብሉ ሲቀር መፈለጉም የቀረ መሰለው። ይህ እንስሳውን ከመመታቱ በፊት ሥጋ አድርጎ ማየት ነው። ዋላዪቱ ግን በዚያች ሌሊት ገና ሥጋ አልሆነችም፤ ሕማም የሚሰማት የእግዚአብሔር ፍጥረት ነበረች። ኦሪት ዘጸአት በ23ኛው ምዕራፍ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አትለፈው፣ ከእርሱ ጋር ሆነህ አንሣው የሚል ትእዛዝ አለው። አህያው የአንተ አይደለም፤ ባለቤቱ ወዳጅህ አይደለም፤ ሸክሙንም አንተ አልጫንህበትም። ያልጫኑትን ሸክም ማንሣት ከታዘዘ፣ በገዛ እጃችን የጫንነውን ሥቃይ «አይጠቅመንም» ብለን እንዴት ትተን እንሄዳለን?

ምእመኑ በስልክ «ሆን ብዬ ሆዷን አልመታሁም፤ ስትንቀሳቀስ ነው የሳትኩት» ብሎን ነበር። ይህን እናምነዋለን። ኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ ዕንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር ስለ ሄደ ሰው ይናገራል፤ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው ሞት አይፈረድበትም፤ ጥላቻ አልነበረውምና። ነገር ግን ንጹሕ ነህ ተብሎ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ አይሰናበትም፤ ወደ መማፀኛ ከተማ ይሸሻል፤ ኦሪት ዘኍልቍም እንደሚለው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት እዚያ ይቀመጣል። ስለ ሰው ደም የተነገረውን ወደ እንስሳ ደም ማምጣታችን ሁለቱን ለማስተካከል እንዳልሆነ አንባቢ ያስተውላል። የምንማረው ግን አንድ ነገር አለ፤ በደል ሳይኖር ዕዳ ሊኖር ይችላል። ፍላጻው መሳቱ በደል ላይሆን ይችላል፤ ከሳተ በኋላ ያለው ሌሊት ግን የአዳኙ ነው። ይህ ልጃችን በመንደፉ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ መቀመጥ ሲገባው ቸኰለ፤ መፈለግ ሲገባው ተመለሰ።

«ተኵላስ ከዚህ የከፋ ያደርግ የለምን?» የሚሉ አሉ። ተኵላ የንስሐ አባት የለውም፤ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚከብደው ፍላጻው ገና በእጅ ሳለ ያለው ነገር ነው። በዚያው በሜሪላንድ በአንድ የባሕር ኃይል ይዞታ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 እስከ 2006 ዓ.ም. ባሉት የአደን ወራት የቀስተኞች ሥራ ተመዝግቦ ሲመረመር፣ ከተመቱት ዋላዎች ከመቶ 18 ያህሉ ሳይገኙ ቀርተዋል። ካልተገኙት አንዳንዶቹ ቁስላቸው ሽሮ በሕይወት እንደሚኖሩ የታወቀ ነው፤ ሌሎቹ ግን በዱር ቀርተዋል። ይህን ቍጥር የሚያውቅ ሰው ቀስቱን ሲገትር «ምናልባት» በሚል ተስፋ ሊለቅ አይገባውም። መሽቶ እንደ ሆነ፣ ርቆ እንደ ሆነ፣ እንስሳው ጆሮውን አቁሞ እንደ ደነገጠ፣ ፊት ለፊት እንደ ቆመ፣ ቀስቱን መልሶ ማላላት ይገባዋል። ይህ ቀላል አይደለም። ከንጋት ጀምሮ በብርድ የተቀመጠ ሰው፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ጓደኞቹ የሚስቁበት ሰው፣ አንድ ጊዜ ልሞክር የሚል አሳብ ይመጣበታል። የእኛ ምእመን ፍላጻውን የለቀቀው ፀሐይ ልትገባ ስትል መሆኑን ልብ ይሏል። ይህን ስንነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም «አዎን፣ ጥቂት ጨልሞ ነበር» አለን።

የእንግሊዝ አገር ሕግ በቀስት የዱር እንስሳ መግደልን ይከለክላል። የጀርመን አገር ሕግም ዋላን በቀስት ማደንን ከልክሎ፣ በጠመንጃ ክፉኛ የቆሰለ እንስሳ ከሥቃዩ እንዲያርፍ ሳይዘገዩ መግደልን ግዴታ ያደርጋል፤ ለዚህም ሥራ የደም ጠረን ብቻ እንዲከተል የተለመደ የሐኖቨር ውሻ አላቸው። በአሜሪካም በብዙ ግዛቶች በማሰሪያ የተያዘ ውሻ ለፍለጋ ይፈቀዳል፤ ለዚህ ሥራ የለመደ ውሻ ዝናም የመታውን፣ አንድ ቀን ያለፈውን ፈለግ እንኳ ሊያገኝ ይችላል። ቀስት ፈጽሞ ይቅር እንላለንን? ጠመንጃም ያቆስላልና በዚህ መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም። አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ብዙ ሰዎች ቀስትን የሚመርጡት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ በቀስት መግደል የሚበልጥ ክብር ስለሚያሰጥ ነው። አስቸጋሪነቱን ግን የሚሸከመው ማን ነው? ቀስተኛው ቢስት የሚያጣው አንድ ፍላጻ ነው። ለራት የሚያድን ሰው፣ አዝመራውንም ለመጠበቅ የሚያድን ሰው የሚናገረው ምክንያት አለው፤ ለጨዋታ ብቻ የሚያድን ግን ይህን ጥያቄ ከጸሎቱ ጋር ያቅርበው። የአደኑ ወራትም ከመስከረም እስከ ጥር ስለሚዘልቅ ከኅዳር 15 ጀምሮ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገናኛል፤ በጾም የታደነ ሥጋ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ መሆኑን፣ ቸኵሎ ለመንደፍ የሚያስገድድ ረኀብም አለመኖሩን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።

በቋንቋችን አራዊትን የሚያድን «አዳኝ» ይባላል፤ ከሞት የሚያድንም እንዲሁ «አዳኝ» ይባላል። በጽሕፈት አንድ ናቸው። ስንክሳር የሚዘክረው ሰማዕቱ ቅዱስ ኤዎስጣቴዎስ ገና በሮም መኮንን ሳለ ዋላ ለመግደል ሲከተል በቀንዶቹ መካከል መስቀል አይቶ፣ ሁለቱ ስሞች በአንድ ጫካ ተገናኝተውለታል። እርሱ በአደኑ ታደነ።

ምእመናችን በማግስቱ ከቀትር በኋላ ብቻውን ተመልሶ ሄደ። መጀመሪያ ደም ያገኘበትን ስፍራ፣ ቀጥሎም ዋላዪቱ ከእግራቸው ሥር የተነሣችበትን ስፍራ ለይቶ፣ ዝናም ካጠበው በኋላ የሚከተለው ጠብታ ስላልነበረ ወደ ቆላው ወረደ። ሊመሽ ሲል በአንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር፣ ከወደቀ ግንድ በታች፣ አፏን ወደ ውኃው አድርጋ ሞታ አገኛት። ከተነሣችበት ስፍራ 400 እርምጃ ያህል ብቻ ነበር። ቀበሮ ከወገቧ ጥቂት በልቶ ነበር። ፍላጻውን አወጣ፤ ደም የነካውን መሬት በአፈር ሸፈነ፤ ሥጋውን ለአሞራና ለቀበሮ ትቶ ተመለሰ። ለግዛቱም ሹማምንት አንድ ዋላ መግደሉን አስመዘገበ፤ ሳይበላት ከተፈቀዱለት አንዷ ሆና ተቈጠረችበት። ቀስቱን ይስቀለው ወይስ አይስቀለው ብሎ ጠይቆናል። እስካሁን አልመለስንለትም፤ እስከ ጥምቀት አስብበት ብለነዋል።